የጎሮው አበልጅ

ማክሰኞ ጥቅምት 5 ቀን 2006

ዛሬ ደግሞ ፕሮፌሰሩ አስተናጋጇን “ጓዲት” ብለው ጠሯት። ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ሰው በሞላበት ካፌ ውስጥ። ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እንዲህ ተብላ ተጠርታ አታውቅም። ዞር ብላ እኔን “ምን አሉ?” አለችኝ። በሳቅ ልሞት ነበር። ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቁም። “በእኛ ጊዜ ሁሉም ሰው ጓድ ነበር” አሉ በእንግሊዝኛ፣ የሞተ ዘመዱን እንደሚያነሳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሳቄን ዋጥኩት።

ፕሮፌሰር ሄንሪክ ዴንማርካዊ ናቸው፣ ሰባ ስድስት ዓመታቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ እዚህ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው ሲዘምቱ አብረው ዘመቱ፣ ግድያው ሲበዛ አገሩን ለቀው ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ዘንድሮ ገና መመለሳቸው ነው። ትዝታቸውን በእንግሊዝኛ ጽፈዋል፤ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሊቀመጡ መጥተው የቀራቸው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ የሚመጣው ማክሰኞ ይበራሉ። ልባቸው ስለደከመ ሐኪማቸው ከዚህ በኋላ ረጅም በረራ ከልክሏቸዋል። እንደገና አይመጡም ማለት ነው።

ጠዋት ጠዋት ቦሌ ያረፉበት የእንግዳ ማረፊያ እሄዳለሁ። የተረጎምኩትን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። አማርኛቸው ዛገ እንጂ አልጠፋም፤ ሰላምታ ያውቃሉ፣ መፈክር ያውቃሉ፣ ምግብ ማዘዝ ያውቃሉ፣ መሃሉ የለም። ያልገባቸው ቦታ ላይ እጃቸውን ያነሳሉ፣ እኔም አቆማለሁ። ጎረቤት የሚሠራው ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ደርሷል። የሲሚንቶ ማደባለቂያው ሲነሳ ሁለታችንም ዝም ብለን እንተያያለን።

ዛሬ ምዕራፍ አምስትን ጨረስን። አብረዋቸው አብዮቱን ስለደገፉት ፈረንጆች ነው። እኔ የጠበቅኩት የመደብ ትግል ክርክር ነበር፤ የጻፉት ሌላ ሆኖ ተገኘ። እንዳልረሳቸው እዚህ ላስፍራቸው፦

– ራሳቸው፦ የቄስ ልጅ። ነገረ መለኮት ሲማሩ ቆይተው በሦስተኛው ዓመት “እምነቴ አንድ ቀን ጠዋት ጥሎኝ ሄደ” ብለው የወጡ።
– አንድ ጣሊያናዊ የኢኮኖሚ መምህር፦ ቅስናውን የተወ።
– አንዲት እንግሊዛዊት፦ አባቷ ሚሲዮናዊ፣ እሷ የእግዚአብሔር ስም ሲነሳ ክፍሉን ለቅቃ የምትወጣ።
– አንድ ፈረንሳዊ፦ በምንም አላምንም ባይ። ላሊበላን አይቶ ሲመለስ ግን ሁለት ቀን ሰው አላናገረም።

“ስለ ካፒታልና ስለ ትርፍ ያጠናነው በኋላ ነው፤ ስንመጣ ሰማዩ ተዘግቶብን ነበር” ይላል የምዕራፉ መዝጊያ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ያደግኩት እነዚህ ሰዎች ሃይማኖት ሊያጠፉ መጡ ሲባል እየሰማሁ ነው።

ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች አዳመጠችኝና “ታዲያ ገዳም አይገቡም ነበር?” አለች።

ረቡዕ ጥቅምት 6

ምዕራፍ ሰባት እስካሁን ለምን እንዳልተሰጠኝ ገባኝ። “እያስተካከልኩት ነው” ሲሉኝ አምኛቸው ነበር። ዛሬ ከሻንጣቸው አወጡት። በእጅ የተጻፈ፣ አሥራ አንድ ገጽ። “እዚሁ አንብቢው” ብለው እሳቸው በረንዳ ላይ ወጡ።

ሳይበርድ ልጻፈው።

በዘመቻው ጊዜ ጎሮ የገበሬ መንደር ነበር። የፕሮፌሰሩና የተማሪዎቻቸው ሥራ መሬቱን በገመድ እየለኩ ለጭሰኞቹ ማከፋፈል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ረቡዕና ዓርብ ምሳ አይበሉም ነበር። ለማንም አልተናገሩም፤ ተማሪዎቹ ቢሰሙ መሳቂያ ያደርጓቸው ነበር። “ጭንቅላቴ የረሳውን ሆዴ ያስታውስ እንደሆነ ብዬ ነው” ይላሉ። አንድ ቀን ቶላ የሚባል ጭሰኛ መጣ። ሚስቱ ጫልቱ የወለደችው ወንድ ልጅ አርባ ቀን ሊሞላው ነውና ክርስትና አባት ይሁኑልኝ አላቸው።

ፕሮፌሰሩ ነገሩን የተረዱት እንዲህ ነው። ገበሬዎቹ ጾማቸውን አይተዋል። እሳቸው በራሳቸው ውስጥ ፈልገው ያጡትን እነሱ አግኝተውባቸዋል። ቄሱ “ሃይማኖትህ ምንድን ነው?” ሲሏቸው “ኦርቶዶክስ፣ እንደ ግሪኮቹ” ብለው መለሱ። ዋሹ። ሕፃኑ ተጠምቆ ሲወጣ ተቀብለው አቀፉት። በዓመቱ አገሩን ለቀው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጻፉላቸውም። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ “እግዚአብሔር መኖሩን እርግጠኛ የሆንኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ያገኘሁት በውሸት ነው።”

በረንዳ ላይ ስወጣ የጎረቤቱን ሕንፃ ክሬን እያዩ ነበር። “ላገኛቸው እፈልጋለሁ” አሉ ሳይዞሩ። “መዋሸቴን ልነግራቸው። ከማክሰኞ በፊት።”

እኔ የማውቀው ጎሮ የኮንዶሚኒየምና የብሎኬት ማምረቻ ሰፈር ነው። “ፕሮፌሰር፣ ያ መንደር እኮ የለም” አልኳቸው።

“ሰዎቹስ?” አሉኝ።

ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ባይልኩኝም እሄድ ነበር። ነገር ተጀምሮ ካልተጨረሰልኝ ሰላም የለኝም፤ እማዬ “አንቺን የማያገባሽ ምን አለ?” የምትለኝ ለዚህ ነው።

ሐሙስ ጥቅምት 7

መገናኛ በባቡሩ ቁፋሮ ተገለባብጧል። ትናንት ታክሲ የያዝኩበት ቦታ ዛሬ ጉድጓድ ነው። ወያላው “ጎሮ! ጎሮ!” እያለ ከጉድጓዱ ማዶ ይጣራል፣ እኛ በሳንቃ ላይ እየተሻገርን እንሮጣለን። ጫማዬ አለቀለት።

ጎሮ እንደደረስኩ ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች። የቶላን ቤተሰብ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። “ቶላ ብዙ ነው፣ የቱ ቶላ?” አለች። ትንሽ አፈርኩና “ልጁን ፈረንጅ ክርስትና ያነሳለት ቶላ” አልኩ። ይሄኔ በሳቅ ፍርስ። “የፈረንጁን ነው የምትፈልጊው! ደጀኔን! ምነው ቀድመሽ አትናገሪም!” ሰፈሩ በሙሉ “የፈረንጁ” ነው የሚለው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ።

ደጀኔን ብሎኬት ማምረቻው ውስጥ አገኘሁት። ራሱ ነው የሚያሠራው፣ አብሮም ይሸከማል። ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ሲሚንቶ ለብሷል። ማን እንደላከኝ ስነግረው መጀመሪያ የሰማኝ አልመሰለኝም። እጁን በሱሪው እየጠረገ ቆየ።

“በሕይወት አሉ እንዴ?” አለ።

“አሉ። ቦሌ ናቸው።”

“ቦሌ?” እዚያው ቅርብ መሆናቸው ይብስ ገረመው። ከዚያ ተቆጣ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ እንዲያውም ፈገግ እያለ። “ልጅ ሆኜ ስደባደብ ‘ፈረንጅ አባትህን ጥራ’ ይሉኝ ነበር። አባቴ ይጽፋል፣ ይጽፋል ሲለኝ ኖረ። አንድ ደብዳቤ፣ እህቴ። አንድ ደብዳቤ ምን ነበረበት?”

ስለ ወላጆቹ ጠየቅኩት።

አባቱ ቶላ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቱ እማማ ጫልቱ ደህና ናቸው። ደጀኔ ከማምረቻው በር ላይ ቆሞ በእጁ አሳየኝ፤ ከዚያ ግራጫ ሕንፃ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ የእነሱ ማሳ ነበር። ጤፍ ይዘሩበት ነበር። አሁን የቀራቸው ግቢያቸውና ይህ ማምረቻ ነው።

“እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ይምጡ። አበልጅ ነው፣ አይከለከልም” አለኝ ሲሸኘኝ። ትንሽ ሄድ ብሎ ተመለሰና “ግን ለምንድን ነው የሚመጡት?” አለ።

“ራሳቸው ይነግሯችኋል” አልኩ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጭንቅ ያዘኝ። ክርስትና አባትህ እምነት አልነበራቸውም ሲባል ምን ይሰማው ይሆን? እናቱስ? እኔ ነኝ እኮ የምናገረው። ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የሚወጣው።

ዓርብ ጥቅምት 8

ማግኘቴን ስነግራቸው ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። “ምን ይመስላል?” አሉ። “ሲሚንቶ” አልኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የደብዳቤውንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አነሱ።

ምሳ ሰዓት ሃያ ሁለት ሄድን። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ አዘዝኩ። እሳቸው ውኃ ብቻ። “አሁንም?” አልኳቸው። “ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም አላቋረጥኩም” አሉ። ልባቸው የታመመ ሰው! ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ በየሳምንቱ ሁለት ቀን። ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም፣ አይጸልዩም። ያ ገበሬ ያየባቸውን ነገር ላለመጣል ብቻ ይጾማሉ።

ዛሬ የአባዬን ነገር አወራኋቸው። ለደንበኛ አላወራም ነበር፣ ግን ወጣ። አባዬ ከዘማቾቹ አንዱ ነው፤ ሐረርጌ ነበር የተመደበው። ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት ማተቡን በመቀስ ቆርጦ ለእማዬ አስቀምጪልኝ ብሎ ሰጣት። ያኔ እጮኛው ነበረች። ሲመለስ አልጠየቃትም፣ እሷም አልሰጠችውም። ሁለቱም ሳያነሱት ሃያ አምስት ዓመት ኖሩ። ሲሞት እማዬ ከሳጥኗ አወጣችው፣ የተቆረጠውን ቋጥራ አንገቱ ላይ አሰረችለት፣ እንዲያ ተቀበረ። ለምን እንደቆረጠው ጠይቄው አላውቅም። ሁሉን ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ይቺን አንድ ነገር ፈራሁ።

ፕሮፌሰሩ “በተማሪዎቼ እቀና ነበር” አሉ። “ማተባቸውን ሲበጥሱ አይቻቸዋለሁ። እነሱ የሚበጥሱት ነበራቸው። እኔ የሚበጠስ አልነበረኝም።”

አባቴ እንዳልገባኝ አውቃለሁ። ግን አንድ ወጣት እምነቱን ቆርጦ፣ አንድ ፈረንጅ እምነት ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ፣ ሁለቱም በአንድ መሬት ላይ ገመድ ሲጎትቱ አሰብኩ። ማን ማንን ነበር የሚፈልገው?

ቅዳሜ ጥቅምት 9

እማዬ “አበልጅ ባዶ እጁን አይሄድም” ብላ ፕሮፌሰሩን ይዘሽ መርካቶ ካልሄድሽ አለችኝ። በዚህ ልባቸው መርካቶ! መገናኛ ካሉት ሱቆች ጨረስን። ለእማማ ጫልቱ ነጠላ፣ ለደጀኔ ጋቢ። ፕሮፌሰሩ ለደጀኔ ሌላም ነገር ካልገዛሁ ብለው የልጅ ጫማ ሲያነሱ አየሁ። “ፕሮፌሰር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው” አልኳቸው። አስቀመጡት። እሳቸው የሚያውቁት የአርባ ቀን ሕፃን ብቻ ነው።

ፍርሃቶቼ፦
– እማማ ጫልቱ ቢያለቅሱ።
– ደጀኔ “የእኔ ክርስትና ክርስትና አይደለማ” ብሎ ቢቆጣ።
– የፕሮፌሰሩ ልብ።
– መብራት ቢጠፋ። (ይሄ የቤት ጉዳይ ነው። የታጠበው ልብሴ አልተተኮሰም።)

“ስትተረጉሚ አታለሳልሺልኝ” ብለውኛል። “ዋሽቻለሁ ካልኩ ዋሽተዋል በያቸው።” እሺ አልኩ። ቃል ሰጠሁ።

እሑድ ጥቅምት 10

አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። ደጀኔ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ጠበቀን። የፕሮፌሰሩን እጅ ጨበጠ፣ ረጅም ጊዜ። እማማ ጫልቱ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። “ኮቱ፣ ይግቡ አበልጄ! አረጁ እኮ!” ብለው ሳሟቸው። እርጎ ቀረበ፣ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ ቀረበ። ፕሮፌሰሩ ጭኮውን ቀምሰው “ቆንጆ ነው” አሉ በአማርኛ፤ ሁሉም ሳቀ። ነጠላውንና ጋቢውን ሰጡ፣ ተመረቁ። ቤቱ ደስ የሚል ቤት ነበር። ምነው እዚያ ላይ በቀረ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ ማንኪያውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። ተናገሩ፣ ተረጎምኩ። ኦርቶዶክስ አልነበርኩም። ለቄሱ ዋሽቻለሁ። ያን ጊዜ በምንም አላምንም ነበር። ልጃችሁን ያቀፍኩት በውሸት ነው። ይቅር በሉኝ ልል መጣሁ።

ደጀኔ ደነገጠ። “ታዲያ የእኔ ጥምቀት...” ብሎ ሳይጨርስ እናቱ አቋረጡት። “ያጠመቀህ ቄሱ እንጂ እሳቸው ናቸው እንዴ?” አሉ። ቀጥለው ሳቁ። ደግ ሳቅ ነው፣ ፌዝ የለበትም።

“ይሄንን አያውቁም ብለው ነው ከዚያ ድረስ የመጡት?” አሉኝ። “ፈረንጁ ኦርቶዶክስ እንዳልሆኑ ቶላም ያውቃል፣ ቄሱም ያውቃል፤ ቄሱ የቶላ አጎት ናቸው። የመሬቱን ገመድ የያዙት እኮ ፈረንጁ ነበሩ! የባላባቱ ሰዎች በየቀኑ ይመጣሉ፤ ‘ዘማቾቹ ይሂዱ፣ ከዚያ እናያችኋለን’ ይሉናል። እኛ ማን አለን? ቶላ ‘ዘመድ ያስፈልገናል’ አለ። የፈረንጅ አበልጅ ማን ይነካል? ልጁ ሲወለድልን እግዚአብሔር መንገድ ሰጠን አልን።” እንደገና ሳቁ። “ደግሞም ሠራ። ዘማቾቹ እንደሄዱ አንዱ ድንበራችንን ሊገፋ መጣ። ቶላ ‘አበልጄ ዘንድ ደብዳቤ እጽፋለሁ’ አለው። ቶላ ፊደል አይቆጥርም! ሰውዬው ዳግመኛ አልመጣም። ያንን መሬት ይሄ ሁሉ ሕንፃ እስኪመጣ ድረስ አርሰን በልተንበታል።”

ፕሮፌሰሩ “ምን አሉ?” አሉኝ። ፊታቸው ተስፋ ነበረው። ሳቁን አይተዋል፣ ቃላት ለቃቅመዋል፤ ፈረንጅ፣ ቄስ፣ እግዚአብሔር። ይቅር የተባሉ መስሏቸዋል።

እዚህ ላይ ቆምኩ። “እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ ብለዋል” ብዬ መጨረስ እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ሰውየው በደስታ ይበራሉ፣ ምዕራፍ ሰባት እንዳለ ይታተማል፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆሙበት ነገር አይነካም። በዚያ ቅጽበት ማድረግም ፈልጌ ነበር። ግን ውሸታቸውን ሊያወርዱ ለመጡ ሰው ሌላ ውሸት ልጭንባቸው ነው? ደጀኔ ደግሞ እያየኝ ነበር። እንግሊዝኛ ትንሽ ይሰማል።

ሁሉንም ተረጎምኩ። ገመዱን፣ ባላባቱን፣ “የፈረንጅ አበልጅ ማን ይነካል” ያሉትን። ምንም አላስቀረሁም።

ፕሮፌሰሩ በጣም ቀስ ብለው “ጾሙንስ? ጾሜን አላዩም?” አሉ።

ጠየቅኳቸው። እማማ ጫልቱ “የምን ጾም?” አሉ። አስበው አስበው አስታወሱ። “አዎ! ረቡዕና ዓርብ ምሳ አይቀምሱልንም ነበር። ፈረንጅ የጾም ወጥ አይወድም አልን። እኔ እንዲያውም የእጄ ሽሮ አስጠላቸው ብዬ አፍሬ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ።”

ይህንንም ተረጎምኩ። ፕሮፌሰሩ ጭኮው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ፤ ከንፈራቸው ገርጥቷል። ልባቸውን አመማቸው ብዬ ልነሳ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

እዚያ መሃል ደጀኔ ተናገረ። ራሱ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገ፦ ለምን አልጻፉልኝም? ይኸው ነው ጥያቄው። ስለ እምነቱ አልጠየቀም፣ ስለ መሬቱ አልጠየቀም።

ፕሮፌሰሩ ተነሱ። እማማ ጫልቱን ትከሻቸውን ሳሙ፣ የደጀኔን እጅ ያዙ፣ ወጣን። ሲወጡ ደጃፉ ላይ ተንገዳገዱ፤ ደጀኔ ደገፋቸው። እስከ ታክሲው ድረስ አልለቀቃቸውም።

ማረፊያው በር ላይ ስንደርስ “ምንም አልጨመርሽም? ምንም አልቀነስሽም?” አሉኝ። “አልቀነስኩም” አልኩ። “ደህና” ብለው ገቡ። ያ “ደህና” ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።

እማዬ ሁሉን ከሰማች በኋላ “ምን ነበረበት ዝም ብትዪ?” አለችኝ። ተናድጄ መልስ ልሰጥ ስል ማልቀስ ጀመርኩ። እሷም አብራኝ ተቀመጠች።

ሰኞ ጥቅምት 11

ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ሁለት ተኩል፣ ዝግ። ሦስት ሰዓት ላይ እየሮጥኩ ማረፊያው ደረስኩ። ጥበቃው “ሽማግሌው? በጠዋት ነው የወጡት፣ ብቻቸውን፣ በእግራቸው” አለኝ። ሻንጣቸው ተከፍቶ አልጋው ላይ አለ። የልብ መድኃኒታቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሆስፒታል ልደውል፣ ኤምባሲ ልደውል? ኤምባሲው ምን ብዬ? “ሰውዬውን እውነት ነግሬያቸው ጠፉብኝ” ብዬ?

ሃያ ሁለት ያለውን ካፌ አየሁ። የሉም። ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስደውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፣ የጠጠር ክምሩ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ እሳቸው እየመሰለኝ። ኔትወርክ የለም። አራት ሰዓት አለፈ። እንዲያ እየሄድኩ ለራሴ ማልኩ፤ ደህና ሆነው ካገኘኋቸው ከእንግዲህ የማያገባኝ ነገር ውስጥ አልገባም።

አምስት ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ተመለሰና ደጀኔ ጋ ደወልኩ። ከስልኩ በስተጀርባ የብሎኬት ማሽኑ አይሰማም። ማሽኑን አቁሟል ማለት ነው።

“እዚህ ናቸው” አለኝ። “ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ። መገናኛ ላይ ጎሮ ሲባል ሰምተው ሚኒባስ ውስጥ ገብተው መጡ። ሳንቃውን ወያላው ነው ያሻገራቸው።”

አስፋልቱ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዎች አዩኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። “መድኃኒታቸውን ረስተዋል” አልኩት። ወደ ማረፊያው ሰው ልኮ እንደሚያስመጣ ነገረኝ።

“አሁን ምን እያደረጉ ነው?”

“ከእናቴ ጋር ደጅ ተቀምጠዋል። ያወራሉ።”

“ማን እያስተረጎመላቸው?”

“ማንም።”

ያ የመፈክር አማርኛ! በእሱ ነው እንግዲህ አራት ሰዓት ሙሉ። መሄድ ፈለግኩ። አሁኑኑ ታክሲ ይዤ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ መስማት። የምዕራፍ ሰባት መጨረሻ አሁን እዚያ ደጅ ላይ ነው ያለው፤ ያልቅ እንደሆነም እንጃ፤ ያ ጾም አብቅቷል ወይስ አላበቃም እንጃ። እንደምንም ራሴን ገትቼ “ስለ ደብዳቤው መለሱልህ?” ብቻ አልኩት።

“መለሱልኝ።”

“ምን አሉ?”

ደጀኔ በትሕትና፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ “ይቅርታ እህቴ፣ እሱ እንኳን የቤተሰብ ነገር ነው” አለኝ። ምሳ ቀርቧል ብሎ ተሰናበተኝ።

ቤት ስገባ እማዬ በር ላይ ነበረች። “ተገኙ? ምን አሏቸው?” አለች። ተገኝተዋል፣ የተባባሉትን ግን አላውቅም አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። አንድ ነገር ሳላውቅ ቀርቼ ደስ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።